ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን፤ ሲሄዱና ሲመለሱ ርዝመቱ ስለሚለያየው የአየር መንገድ

ጥንት አባቶቻችን የመንገድን ርዝመት የሚለኩት በቀን ነበር። ከአንኮበር እስከ ሐረር ስንት ቀን ያስኬዳል ተብሎ ይጠየቃል እንጂ ስንት ክንድ ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። የቀኑም ቍጥር ለሁሉ አንድ አልነበረም። ጭነት ለሚነዳ ነጋዴና በፈጣን በቅሎ ለሚገሠግሥ መልእክተኛ፥ ቈላ ለሚወርድና ደጋ ለሚወጣ፥ በበጋ ለሚሄድና በክረምት ወንዝ ሞልቶበት ከዳር ለሚሰፍር መንገደኛ ያው አንዱ መንገድ ልዩ ልዩ ርዝመት ነበረው። ከዚህ በኋላ ኪሎ ሜትር መጣና ርቀት ሁሉ በአንድ ልክ ተለካ፤ አይሮፕላን ከመጣ ወዲህ ደግሞ ዳገትና ቍልቍለት የሚባለው ነገር ከመንገደኛ ላይ የቀረ መሰለ። ነገር ግን ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ያለውን የአየር መንገድ በጥንቃቄ ለተመለከተ ሰው ዳገቱም ቍልቍለቱም አልጠፋም። ይህ መንገድ ከዋሽንግተን ሲመጡበት አንድ ነው፤ ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱበት ሌላ ነው፤ ልዩነቱም አራት ሰዓት ያህል ነው።

ይህን ጕዳይ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ማውጣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከኢትዮጵያ ውጭ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከተሰበሰቡባቸው ስፍራዎች አንዱ የዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ ያሉት የቨርጂንያና የሜሪላንድ አገሮች ናቸው። በዚያ ቤተ ክርስቲያናቸውን አቁመው፥ ምግብ ቤታቸውንና ሱቃቸውን ከፍተው፥ ልጆቻቸውን ክርስትና እያስነሡ ይኖራሉ። ስለዚህ ይህ መንገድ የመልእክተኞችና የተማሪዎች መንገድ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፥ አራስ ልጇን ለመጠየቅ የምትሄድ እናት፥ ለሠርግ የሚመጣ ወንድም፥ ለቀብር የሚጣደፍ ልጅ የሚመላለሱበት የቤተ ሰብ መንገድ ሆኗል። ለእነዚህ ሰዎች የመንገዱን ሰዓት ዐውቆ መነሣት ትርፍ ዕውቀት አይደለም።

አስቀድመን ርቀቱን እንናገር። ምድር ድቡልቡል ናትና የሁለት ከተማዎችን አጭር መንገድ ለማግኘት በሉል ላይ ክር መወጠር ይገባል። ከቦሌ የአይሮፕላን ማረፊያ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ የአይሮፕላን ማረፊያ የተወጠረው ክር 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ ማስመሪያ አጋድሞ የሚመለከት ሰው መንገዱ በቻድና በሞሪታንያ በኩል የሚያልፍ ይመስለዋል፤ ክሩ ግን ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነሥቶ የሱዳንንና የሊቢያን በረሓ አቋርጦ፥ በቱኒዚያና በአልጄሪያ ምድር በኩል ወደ ሜዲትራንያን ባሕር ይወጣል፤ ከዚያም ስፔንንና ፖርቱጋልን አልፎ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። አይሮፕላን በክሩ ልክ በቀጥታ የሚሄድበት ቀን ጥቂት ነው። የነፋሱ ሁኔታ፥ የየመንግሥቱ የአየር ሕግ፥ አንዳንድ ጊዜም ጦርነት ያጣምመዋል። በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ የዚያች አገር ሰማይ ስለ ተዘጋ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚሄዱ አይሮፕላኖች በጎን ዞረው ለማለፍ ተገደው ነበር።

የዛሬ ትልልቅ አይሮፕላኖች በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳሉ። ከላይ የጻፍነውን ርቀት በዚህ ቢያካፍሉት ከ13 ሰዓት ጥቂት ጐደል ያለ ጊዜ ይገኛል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ሒሳቡና ሰዓቱ ተስማምተው ያገኛቸዋል። ወደዚያ የሚሄደው ግን 17 ሰዓት ያህል፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቈያል።

የ17 ሰዓት መንገድ ረዘመ የሚል ሰው የቀድሞዎቹን መንገደኞች ያስብ። በ1911 ዓ.ም. ደጃዝማች ናደው፥ ከንቲባ ገብሩና በኋላ ብላቴን ጌታ የተባሉት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በመልእክት ወደ አሜሪካ ሄደው በዋሽንግተን ከፕሬዚዳንት ዊልሰን ጋራ ተገናኝተዋል። በዚያ ዘመን ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው በምድር ባቡር ወደ ጅቡቲ ይወርድ ነበር፤ ባቡሩም ሌሊት አይሄድምና 784 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ ሁለት ሌሊት በመንገድ ማደር ግድ ነበር። የዚያን ጊዜ መንገደኛ የመጀመሪያውን ሌሊት በአዋሽ ጣቢያ አድሮ በማግሥቱ ወደ ድሬ ዳዋ በሚሳፈርበት ሰዓት፥ የዛሬው መንገደኛ ዋሽንግተን ገብቶ፥ ገላውን ታጥቦ፥ ከልጅ ልጆቹ ጋራ ማዕድ ቀርቧል።

በአገራችን የአየር ጉዞ የተስፋፋው ቀስ በቀስ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን ዳግላስ በሚባለው ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። መነሻው የልደታ ሜዳ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ጄት የሚባለው ቦይንግ 720 ሲመጣ የልደታ ሜዳ አልበቃ ስላለ ሥራው በቦሌ ሆነ። ስለምንናገርለት መንገድ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ቀን ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን አየር መንገዱ የገዛው አዲስ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ፥ በመካከል በየትም ሳያርፍ፥ 12,082 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ሄዶ አዲስ አበባ ገባ። እስከዚያ ቀን ድረስ ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አይሮፕላን ይህን ያህል ርቀት ሳያርፍ ሄዶ አያውቅም ነበርና ነገሩ በዓለም የአየር ታሪክ ተጻፈ። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ደግሞ በአፍሪካ የመጀመሪያው ቦይንግ 787 በዚሁ በዋሽንግተን በኩል ወደ አዲስ አበባ መጣ። አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንዲያስተውሉልን እንወዳለን፤ በ1976ም በ2004ም አይሮፕላኖቹ የተነሡት ከዋሽንግተን ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ዋሽንግተን ቢሆን ኖሮ የ1976ቱ አይሮፕላን ያን ታሪክ ባልሠራ ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት የሁለቱን ጣቢያዎች ከፍታ ማወቅ ይበቃል። ደለስ ከባሕር ወለል በላይ 95 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለ ነው፤ ቦሌ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየር ደግሞ ወደ ላይ በወጡ ቍጥር እየሳሳ ይሄዳል፤ በአዲስ አበባ ያለው አየር በባሕር ዳር ካለው ጋራ ሲመዘን ከአምስት እጅ አራቱን እጅ ያህል ቢሆን ነው። ከቈላ የመጣ እንግዳ እንጦጦን ሲወጣ የሚያለከልከው ስለዚህ ነው። የአይሮፕላንም ሞተር እንደ ሰው የሚሠራው አየር እየሳበ ነው፤ በሳሳ አየር ኀይሉ ይቀንሳል። ክንፉም አይሮፕላኑን የሚያነሣው በሚገፋው አየር ነውና አየሩ ሲሳሳ ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ለበለጠ ፍጥነት ደግሞ የበለጠ ሜዳ መሮጥ ይኖርበታል፤ ጎማውም ከተወሰነ ፍጥነት በላይ አይችልም። የቦሌ ትልቁ የመንደርደሪያ ሜዳ 3,800 ሜትር፥ የደለስ ትልቁ ደግሞ 3,500 ሜትር ያህል ነው፤ የእኛው ይረዝማል። ይሁን እንጂ 300 ሜትር ሜዳ የ2,200 ሜትር ከፍታን ዕዳ አይከፍልም።

እንግዲህ አይሮፕላኑ ከቦሌ ለመነሣት ክብደቱን መቀነስ አለበት። ከቦይንግ 787 ዓይነቶች የመጀመሪያው ሙሉ ጭነቱን ይዞ ለመነሣት የተፈቀደለት ክብደት 228 ቶን ያህል ነው፤ የነዳጁ ማጠራቀሚያ ብቻ 126,000 ሊትር ይይዛል፤ ይህም ሲመዘን 100 ቶን ያህል ይሆናል። ታዲያ ምን ይቀነስ? ሰው እንዳይቀነስ ቲኬቱን ገዝቷል። ዕቃ እንዳይቀነስ ለልጅ የተላከ ነው። በዚህ መንገድ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች የሚፈቀዱ ስለ ሆነ፥ 270 ሰዎች ተሳፍረው ሁሉም ልካቸውን ቢይዙ ዕቃው ብቻ ከ12 ቶን በላይ ነው። ይህ ሁሉ በርበሬ፥ ሽሮ፥ ቡና፥ ቆሎና የሀበሻ ቀሚስ፥ በነዳጅ ቢተካ አይሮፕላኑን ከሁለት ሰዓት በላይ የሚያስኬድ ነበር። እንዲህ ስንል እናቶች ሽሮ አይያዙ ማለታችን አይደለም፤ የአሜሪካ ልጆች ምን ይበሉ! የሚቀነሰው ነዳጁ ነው። ነዳጁ ከተቀነሰ ደግሞ በመካከል ወርዶ መቅዳት ግድ ይሆናል። ለረዥም መንገድ የሚነሡ አይሮፕላኖች በምሽት መነሣታቸውም ለዚህ ይረዳል፤ የሌሊቱ ብርድ አየሩን ያወፍረዋልና።

በቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ በሚባለው ስፍራ ታላቅ የአይሮፕላን ማረፊያ እንዲሠራ ከመታቀዱ ጋራ ይህ ነገር ግንኙነት አለው። ቢሾፍቱ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ናት። በአየር ጉዞ 400 ሜትር ዳገት መቀነስ በመኪና መንገድ ላይ አንድ ጠመዝማዛ ከማቃናት እጅግ ይበልጣል፤ አይሮፕላኑ በዚያው ልክ የበለጠ ነዳጅ ይዞ ሊነሣ ይችላልና።

በዚህ ላይ የነፋሱ ነገር አለ። በሰሜኑ የምድር ክፍል፥ ከምድር በላይ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ከፍታ፥ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ እንደ ወንዝ ይፈስሳል፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፥ በፈረንጆች ክረምትም ይበረታል። ከአሜሪካ የሚመጣ አይሮፕላን በዚህ ነፋስ እየተገፋ ይመጣል፤ ወደ አሜሪካ የሚሄደው ግን እየታገለው ይሄዳል። ከቦሌ ዳገት የወጣው መንገደኛ በአትላንቲክ ላይ ሁለተኛ ዳገት ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ለመቅጃ የሚታረፍባቸው ስፍራዎች በልዩ ልዩ ዓመታት ተለዋውጠዋል፤ ሮማ፥ ደብሊንና የቶጎዋ ሎሜ በየጊዜው አገልግለዋል። ሦስቱም ጣቢያዎች ከባሕር ወለል እምብዛም ያልራቁ ስለ ሆኑ አይሮፕላኑ በእነርሱ ጠግቦ ጠጥቶ ለመነሣት አይቸገርም። በክሩ ብንለካ በሮማ ማለፍ 150 ኪሎ ሜትር፥ በደብሊን ማለፍ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይጨምራል፤ ሎሜ ግን ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዙሪያ ነው። ጊዜውን የሚበላው ከዙሪያው ይልቅ መውረዱ፥ መቅዳቱ፥ ሠራተኛ መለወጡና እንደ ገና መነሣቱ ነው።

ይህ የመካከል ማረፊያ ለአዋቂ መንገደኛ ምንም አይደለም፤ ለብቻቸው ለሚሄዱ አረጋውያን ግን ከመንገዱ ሁሉ የሚያስቸግር ስፍራ ነው። አይሮፕላኑ ሌሊት ወርዶ መብራት ሲበራ፥ ስንት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው፥ ዘንቢላቸውን ይዘው፥ «ደረስን? ልጄ የት አለች?» ብለው ተነሥተዋል! ገና እኩሌታው መንገድ መቅረቱን ሲሰሙ የሚደርስባቸውን ድካም ለማየት ያዝናል። ስለዚህ ልጆች ለእናታቸው ቲኬት ሲልኩ ኪሎ ሜትሩን ትተው ይህን አስቀድመው ይንገሩ፤ በመካከል አንድ ጊዜ እንደሚወረድ፥ በዚያ ከመቀመጫ መነሣት አስፈላጊ መሆኑን ወይም አለመሆኑን፥ ከዚያም በኋላ የባሕሩ መንገድ ብቻውን ብዙ ሰዓት እንደሚቀረው ያስረዱ። የሚወሰደው መድኀኒት በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ይያዝ። የልጁ ስምና የቤቱ አድራሻ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በወረቀት ተጽፎ ከፓስፖርቱ ጋራ ይቀመጥ። እግር እንዳያብጥና ደም እንዳይረጋ በየሁለት ሰዓቱ ተነሥቶ ጥቂት መራመድ፥ ውሃም ደጋግሞ መጠጣት ይገባል፤ የልብ ወይም የደም ሕመም ያለባቸው ከመነሣታቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ስለ አየሩ ግን የአዲስ አበባ ሰው ብዙ እንዳይፈራ እንነግረዋለን። አይሮፕላኑ ከምድር ዐሥራ አንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሲበር በውስጡ ያለው አየር በመሣሪያ ይታመቃል፤ በቀድሞዎቹ አይሮፕላኖች 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ይሆን ነበር፥ ይህም የአዲስ አበባ አየር ያህል ነው። በ787 ውስጥ ግን 1,800 ሜትር ከፍታ እንዳለ አየር ሆኖ ይጠበቃል። እንግዲህ ከቦሌ የተነሣች እናት ሰውነቷ ወደ ሰማይ ወጣ ሲባል ሳንባዋ ወደ ቢሾፍቱ ቈላ እንደ ወረደ ይቈጥረዋል። ከንፈርና ጕሮሮ የሚያደርቀው የአየሩ ድርቀት ነው።

የሄደበት ሌሊት ርዝመት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አይሮፕላኑ ከቦሌ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ተነሥቶ 17 ሰዓት ተኩል ቢቈይ፥ ዋሽንግተን የሚገባው በዚያ አገር ማለዳ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ በአዲስ አበባ ግን በዚያ ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ፀሐይ ከምሥራቅ እየተከተለችው አይሮፕላኑ ወደ ምዕራብ ስለሚሸሽ ሌሊቱ አልነጋ ይላል። የዋሽንግተን ሰዓት ከእኛ በፈረንጆች በጋ በ7 ሰዓት፥ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በሁዳዴ ጾም እስከ 9 ሰዓት ለሚቈዩ አባቶችና እናቶች ይህ ነገር ጥያቄ ያመጣል፤ በአዲስ አበባ ሰዓት ቢቈጥሩ ጾሙ የሚፈታበት ጊዜ ደርሷል፥ በመስኮት ቢመለከቱ ገና ጎሕ እየቀደደ ነው። የነፍስ አባትን አስቀድሞ መጠየቅ ሳይሻል አይቀርም።

መንገደኛው የሚወርድበት ደለስ የተባለው ጣቢያ ስሙን ያገኘው የአሜሪካ የውጭ ጕዳይ ሚኒስትር ከነበሩት ከጆን ፎስተር ደለስ ነው፤ በቴክሳስ ካለችው ከዳላስ ከተማ ጋራ እንዳይሳሳት፤ ቲኬት ሲቈረጥ ስሙን ደግሞ መመልከት ይገባል። ጣቢያው በቨርጂንያ፥ ከዋሽንግተን 42 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኬኔዲ መርቀው ከፈቱት። ሕንፃውን የነደፈው ኤሮ ሳሪነን የተባለው ስመ ጥር መሐንዲስ ሲሆን፥ ጣራው በሁለት ረድፍ ዐምዶች መካከል እንደ ተንጠለጠለ ሸማ ወደ መካከሉ ጎንበስ ያለ ነው። ሳሪነን ሥራው ሲፈጸም ሳያይ ሞቷል። ከአይሮፕላን የወረዱትን ሰዎች ወደ ሕንፃው የሚያመላልሱ፥ አዳራሽ የሚያህሉ ባለ ጎማ ተሽከርካሪዎች የተሠሩትም ለዚሁ ጣቢያ ነው። የአገራችን ሰው ግን ሕንፃውን የሚያይበት ጊዜ አያገኝም፤ ዓይኑ ከበሩ ማዶ የሚጠብቁትን ይፈልጋል። በዚያ በር ላይ አበባ የያዙ ልጆች፥ አያታቸውን በስልክ መስታወት ብቻ የሚያውቁ፥ ከመሳለማቸው በፊት ጥቂት ሲያፍሩ ይታያሉ። አያቲቱ ግን አታፍርም።

የመልሱ መንገድ ለመንገደኛው ደግ ነው። አይሮፕላኑ ከደለስ በዚያ አገር አቈጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ይነሣል፤ ወደ ፀሐይ መውጫ ስለሚሮጥ በአትላንቲክ ላይ ቶሎ ይመሻል፥ ቶሎም ይነጋል። አንድ ጊዜ ራት፥ አንድ ጊዜ አጭር እንቅልፍ፥ ከዚያም ቍርስ ይመጣል። ጧት 1 ሰዓት ላይ የረር በአንድ ወገን፥ እንጦጦ በባሕር ዛፉ በሌላ ወገን ሆነው በመካከላቸው የከተማው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ ይታያል። አሜሪካ የቈዩ ሰዎች ከበሩ ወጥተው የመጀመሪያውን ደረጃ ሲወጡ ያልከልካሉ፤ ያው አይሮፕላኑን ያስቸገረው አየር ነው።

ይህ የ13 ሰዓት መንገድ ከሁሉ ይልቅ ትርጕም የሚያገኘው ሞት በሚመጣ ጊዜ ነው። በአገራችን ልማድ የሞተ ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይቀበራል። በቀድሞ ዘመን በባሕር ማዶ ያለ ልጅ የእናቱን ሞት የሚሰማው ደብዳቤ ሲደርሰው ነበርና፥ ይድረስ ወይስ አይድረስ የሚል ክርክር በቤተ ዘመድ መካከል አይነሣም ነበር። ዛሬ ግን ይነሣል። እናቲቱ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ 12 ሰዓት ላይ ብታርፍ፥ ዋሽንግተን ገና እሑድ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው። መርዶ ነጋሪዎቹ ማለዳ በልጁ ደጅ ተሰብስበው ቢነግሩት፥ በጧቱ አይሮፕላን ቦታ ቢገኝለት፥ ማክሰኞ ጧት 1 ሰዓት ቦሌ ነው፤ ከሞቱ እስከ መድረሱ 25 ሰዓት ብቻ፤ ለማክሰኞ ቀብር ይደርሳል። ነገር ግን እናቲቱ ሰኞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ብታርፍ፥ በዋሽንግተን እኩለ ቀን ሆኖ የዕለቱ አይሮፕላን ከአንድ ሰዓት በፊት ሄዷል። ልጁ ማክሰኞ ተነሥቶ የሚደርሰው ረቡዕ ጧት ነው፤ 36 ሰዓት ይሆናል።

ዐሥራ አንዱ ሰዓት ነው ቤተ ዘመድን የሚያከራክረው። አንዳንዱ አስከሬን አይደር፥ ሥርዐቱ ይፈጸም ይላል። አንዳንዱ ልጅ እናቱን ሳይሸኝ እንዴት ይሆናል ብሎ በሐኪም ቤት እንዲቈይ ይለምናል። እድርተኛው ድንኳኑን ለአንድ ተጨማሪ ቀን ይተክላል፥ ካህናቱም ይጠየቃሉ። እኛ አንድ ሌሊት መታገሥ የሚገባ ይመስለናል፤ የሚጠበቀው ሰው እየመጣ መሆኑ ከታወቀ፥ ሰዓቱም እንዲህ በርግጥ ከተቈጠረ። ወደ ምዕራብ የሚሄደው ሐዘንተኛ ግን ይህን ያህል ተስፋ የለውም። በዋሽንግተን ለሞተ ልጁ የሚሄድ አባት በመጀመሪያ የይለፍ ፈቃድ ያስፈልገዋል፥ ከዚያም የመካከሉን ማረፊያና የማይነጋውን ሌሊት ያልፋል፤ ብዙ ጊዜም ቤተ ሰቡ አስከሬኑን በዚያው በአጭሩ መንገድ ወደ አገር መላክን ይመርጣል።

ረቡዕ ጧት የሚደርሰው ልጅ ከቦሌ በር ሲወጣ ወንድሞቹ ጥቁር ለብሰው ይጠብቁታል። ወደ ቤት አይወስዱትም፤ ሻንጣውን በመኪናው ኋላ ጭነው በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፥ ፍትሐቱም ገና አላለቀም።